ዳይሬክተሩ የሚጠራን ልጅ ሲያጠፋ ወይ ብር ሲፈለግ ብቻ ነው?

የሁለት ልጆች እናት (አባዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መምህራንም ወላጆችም ስላላችሁ ነው የምፅፈው፣ ረዘም ይላል ይቅርታ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ትልቋ ልጄ 6ኛ ክፍል ናት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ስሙን አልጠራም፣ ሰው ለማሳጣት አይደለም የመጣሁት።

ባለፈው ወር ማታ እራት ላይ ዝም አለችብኝ። ምን ሆንሽ ስላት ከደብተሯ መሀል የተቀደደች ቁራጭ ወረቀት አወጣች፣ "ወላጅ አምጪ" ትላለች። ያችን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን መቼም፣ እኔ ራሴ በዚህ እድሜዬ ሳያት ሆዴን ባር ባር አለኝ። የምሰራው መገናኛ ነው፣ አስፈቅጄ ስቀር የግማሽ ቀን ይቆረጥብኛል። ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ላይ ነበርኩ። ጥበቃው "ዳይሬክተሩ ወረዳ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቆዪ" አለኝ፣ ቆየሁ። 4 ሰዓት ከሩብ ሲሆን መጡ። ቢሮ እንኳን አላስገቡኝም፣ ኮሪደር ላይ ቆመው ቁልፋቸውን በጣታቸው እያዞሩ፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ "ልጅሽ ወሬ ታበዛለች፣ ክፍል ትረብሻለች፣ ምከሪያት" አሉኝ። በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው ብዬ ልጠይቅ ስል ስልካቸው ጠራ፣ እያወሩ ሄዱ። በቃ ይኸው ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ጠብቄ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ልጄን ተቆጣኋት። ከሳምንት በኋላ የሂሳብ መምህሯን ጣፎ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋትና ነገሩን ሳነሳባት "እሷ እኮ ሰሌዳው አይታያትም መሰለኝ፣ ሁሌ ጓደኛዋን ምንድነው የሚለው እያለች ነው የምትጠይቀው" አለችኝ። ክው አልኩ። ቅዳሜ አይን ሀኪም ጋ ወሰድኳት፣ መነፅር ታዘዘላት። ልጄ ወሬ አልነበረም የምታበዛው፣ ሰሌዳውን በጓደኛዋ አይን ነበር የምታነበው። መነፅሩን አድርጋ ከወጣን በኋላ ከመንገድ ማዶ ያለውን የሱቅ ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ነው ታክሲ የተሳፈርነው።

አሁን እኔን የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ፣ መምህሯ ጠርጥራለች፣ ዳይሬክተሩ አያውቁም፣ እኔ አላውቅም። ያን ቀን ሶስታችንም አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን እኮ። ይህንን ወሬ ከአንዱ ወደ አንዱ ማገናኘት የማነው ስራ? የእናንተ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከወላጅም ከመምህርም ጋር እንዴት ነው የሚገናኘው? በደንብ የሚሰራ ካለ ደሞ ንገሩኝ፣ እሱን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ።

ጠመኔ በእጄ

እህቴ በጣም ነው ያዘንኩት፣ እግዚአብሔር ይመስገን መጨረሻው መልካም ሆነ። እኔ መምህር ነኝ (ጀሞ አካባቢ፣ 11 አመቴ) እና ያቺ መምህርት ለምን ለዳይሬክተሩ ሳትናገር ለአንቺ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንደነገረችሽ ላስረዳሽ። ብዙ ትምህርት ቤት የመምህራን ስብሰባ የሚባለው አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ማስታወሻ የሚይዝበት ነው። የክፍለ ከተማው ደብዳቤ ይነበባል፣ እቅድ ያላስገባ፣ ማርክ ያላስገባ ስሙ ይጠራል፣ "ሌላ ሀሳብ ያለው?" ሲባል ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ደሞ አንዴ "ይህች ልጅ ችግር አለባት" ብለሽ ብታነሺ መልሱ "ታዲያ አንቺ ምን አደረግሽ?" ነው። ሁለቴ እንደዛ ከተባልሽ ሶስተኛ አትናገሪም።

ግን ለዳይሬክተሮቹም ልናገርላቸው። የኛው ሰውዬ በሳምንት ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ከተገኘ ጥሩ ነው። ወረዳ ይጠራዋል፣ ክፍለ ከተማ ይጠራዋል፣ ሱፐርቫይዘር ቼክሊስት ይዞ ይመጣል፣ ውሀ ጠፋ ሮቶው ባዶ ነው፣ የምገባው እቃ አልመጣም፣ አጥሩ ወድቋል። አንድ ቀን ቢሮው ገብቼ ቆሞ ዳቦ እየበላ ሪፖርት ሲፈርም አገኘሁት፣ 9 ሰዓት ነበር፣ ቁርሱ ነው። ሰው ነው እሱም። እና ክፍል ገብቶ ትምህርት የሚያይበት ጊዜ የለውም፣ ከገባም ለቼክሊስቱ ነው።

አቡ ሰሚር (ቱሉ ዲምቱ)

አሰላሙ አለይኩም ወገኖች። እኛ ጋ "ዘመናዊ" ሆነናል ተብሎ ቴሌግራም ተከፍቷል። ወላሂ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን አድሚን ብቻ ነው መፃፍ የሚችለው፣ ወላጅ መመለስ አይችልም። ማታ 4 ሰዓት ላይ "ነገ ትምህርት የለም" ይባላል፣ እኔ እና ባለቤቴ ሁለታችንም 12 ሰዓት ነው ከቤት የምንወጣው፣ ልጁን ማን ይያዘው? ለምን ትምህርት እንደሌለ እንኳን አይፃፍም። ሌላው መልዕክት ሁሉ መዋጮ ነው። ለምንድነው ብለን የምንጠይቅበት ቦታ ስለሌለ ወላጆች የራሳችንን ሌላ ግሩፕ ከፈትን፣ እዛ ላይ ደሞ ግማሹ ወሬ ውሸት ነው፣ "ዳይሬክተሩ ብሩን በላው" ይባላል፣ ማንም ማስረጃ የለውም። ሰውየው አፍ ከፍቶ ባለመናገሩ ነው ስሙ የሚጠፋው።

ሀና ከአያት

የግል ትምህርት ቤት ከዚህ ይሻላል የምትሉ ካላችሁ ተረጋጉ። የእህቴ ልጅ የሚማርበት ከወላጅ ጋር የሚገናኙት በኮሙኒኬሽን ቡክ ነው፣ በየቀኑ ወላጅ ይፈርማል፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ሁሉም ሰርኩላር በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ቤት ያለችው አያቱ ናት፣ እህቴ አረብ ሀገር ናት። እማማ ምን እንደሚል ሳታውቅ ትፈርማለች። አንድ ቀን "ልጁ ለሶስት ቀን የቤት ስራ አልሰራም" የሚል ላይ ፈርማ ስታበቃ "ልጄን አመሰገኑልኝ" ብላ ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት። አንጀቴን ነው የበላችኝ። ለማን ነው የምትፅፉት ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሀላፊ እንዴት ይጠፋል?

የቀድሞ ርዕሰ መምህር

የተከበራችሁ፣ እኔ 31 ዓመት አገልግዬ ከነዚህ ውስጥ 14ቱን ርዕሰ መምህር ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የመጨረሻው ምድቤ ከአቃቂ ወዲያ ነበር። እህታችን ያነሳችው ነገር እንቅልፍ የሚነሳ ስለሆነ ትንሽ ልበል።

እኔም ስጀምር እንደዛ ሰውዬ ነበርኩ። ቁልፍ ይዤ ኮሪደር ላይ ቆሜ ብዙ እናት አስለቅሻለሁ፣ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። የቀየረኝ በር ላይ መቆም ነው። የጥበቃ ሰራተኛችን ታሞ አንድ ሳምንት እኔና ምክትሌ በሩን ተፈራረቅንበት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ስትቆም ቢሮ ተቀምጠህ በዓመት የማታየውን ታያለህ። ትላንት በጫማ የመጣው ልጅ ዛሬ በነጠላ ጫማ ይመጣል፣ ሁሌ ከታላቅ እህቷ ጋር የምትመጣው ብቻዋን ትመጣለች። ወላጁ ደግሞ ለስራ እየተጣደፈም ቢሆን በዛች በግማሽ ደቂቃ "መምህር፣ ልጄ ማታ ሲያስለው አድሯል" ብሎኝ ያልፋል። ይህንኑ ቢሮ መጥቶ ይንገረኝ ቢባል ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፣ ስለዚህ አይነግረኝም። የጥበቃው ሰው ድኖ ከተመለሰ በኋላም ቦታዬን አልለቀቅኩም፣ ጡረታ እስክወጣ። ወረዳ ስብሰባ ካለኝም ከበሩ ነበር ተነስቼ የምሄደው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ከርዕሰ መምህሩ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ እነሱን ቁጭ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ምገባው በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. በሰፊው ሲጀመር ምግብ የሚያበስሉ እናቶች ግቢያችን ገቡ። ብዙ ሰው እንደ ወጥ ቤት ሰራተኛ ብቻ ነው ያያቸው። አንዷ እናት ቀስ ብላ መጥታ "ጋሼ፣ ያ የ3ኛ ክፍል ልጅ ዳቦውን ግማሹን በልቶ ግማሹን ሁሌ ኪሱ ይከታል" አለችኝ። ስንጠይቅ ለካ እናቱ ታማ ተኝታለች፣ ቤት የምትጠብቀው ትንሽ እህት አለችው። ያ ልጅ በስም ጠሪው መዝገብ ላይ "አርፋጅ" ተብሎ ነበር የተያዘው። ከዚያ በኋላ በየአርቡ ከምገባ እናቶች፣ ከፅዳትና ከጥበቃ ሰራተኞች ጋር ሩብ ሰዓት እንቀመጥ ነበር። ቃለ ጉባኤ የለም፣ ቡና አለ።

ስለ ብር ጉዳይ አቡ ሰሚር ያነሳኸው እውነት ነው። በ1994ቱ የትምህርት አመራርና አደረጃጀት መመሪያ የወላጅ መምህራን ህብረት፣ ዛሬ ወተመህ የምንለው፣ ኮሚቴ ለስም እንዲቀመጥ አይደለም የተቋቋመው፣ እቅዱንም ገንዘቡንም አብሮ እንዲያይ ነው። ከ2001 ጀምሮ የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራሙ በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ በቀጥታ ለትምህርት ቤት መስጠት ሲጀምር ሀሜቱም አብሮ መጣ። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው፣ ይህን ያህል ብር ገባ፣ ለወንበር ጥገና ይህን ያህል፣ ለላብራቶሪ እቃ ይህን ያህል ወጣ ብዬ በትልቅ ወረቀት በእጄ ፅፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ ሰው ቆሞ ያነብ ነበር፣ በኋላ ማንበብም ተዉት፣ ሀሜቱም ቆመ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የወላጅ ስብሰባችን በአማርኛ ብቻ ነበር የሚካሄደው። አካባቢው የቀድሞ የአርሶ አደር መንደር ነው፣ ከኋላ ጋቢ ለብሰው የሚቀመጡ አባቶች ነበሩ፣ መጥተው፣ ዝም ብለው፣ ፈርመው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ የአፋን ኦሮሞ መምህራችንን አጠገቤ አቁሜ እያንዳንዱን ነገር እንዲያስተረጉም አደረግኩ። አንደኛው አባት ተነሱና ምን አሉ፣ "ክረምት ሲወጣ ወንዙ እንደሞላ ነው፣ ከማዶ ያሉ ልጆች መሻገር አይችሉም፣ እናንተ ግን ቀሪ እያላችሁ ከዝርዝር ትሰርዟቸዋላችሁ።" ያንን ዓመታት ሙሉ አላወቅንም ነበር። ሰውየው ዝም ያሉት የሚሉት ስለሌላቸው አልነበረም።

የ12ኛው

ጋሼ እንደርስዎ አይነት ዳይሬክተር ቢኖረን ኖሮ። እኔ ተማሪ ነኝ፣ በተማሪ በኩል ልናገር። የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት በ2015 ጥር ላይ ሲወጣ በሀገር ደረጃ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር ታስታውሳላችሁ። እኛ ያኔ 9ኛ ነን። የዛኔው ዳይሬክተራችን ሰኞ ሰልፍ ላይ ባንዲራ ከወጣ በኋላ ማይኩን ይዞ "እናንተ ሰነፎች፣ ሀገር አሳፋሪዎች" እያለ ፀሀይ ላይ አቆመን፣ እኛ ገና ፈተናውን እንኳን አላየነውም። ልጆች ከዛ በኋላ ሰልፍ ላለመድረስ ማርፈድ ጀመሩ።

ቀጣዩ አመት ትምህርት ከተጀመረ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ መጣች፣ ሴት ናት። እሷ በመጀመሪያው ሳምንት በየክፍሉ እየገባች ስም ሳትፅፉ የከበዳችሁን ነገር ፃፉ ብላ ወረቀት አደለችን። የኛ ክፍል ከግማሽ በላይ አንድ አይነት ነገር ነው የፃፈው፣ ፊዚክስ ሁለት ወር ሙሉ መምህር አልገባም። ሚኒ ሚዲያው ላይ እረፍት ሰዓት ራሷ ገብታ "ፅፋችሁልኛል፣ አንብቤዋለሁ፣ መምህር እስኪመደብ ቅዳሜ ጠዋት ከሌላ ሴክሽን መምህር ያስተምራችኋል" አለች። አስተማረንም። ለኔ ትልቁ ነገር መልስ መምጣቱ ነው፣ ስንት ጊዜ አስተያየት ሳጥን ውስጥ ከትተን ማንም ሳጥኑን ሲከፍት አይተን አናውቅም።

ታዛቢ ዘገላን

ሁላችሁም ዳይሬክተር ላይ ብቻ ነው። እኛስ? እኔ የወተመህ አባል ነበርኩ ሁለት አመት። 48 ተማሪ ያለበት ክፍል ስብሰባ ሲጠራ 7 ወላጅ ይመጣል። ካርድ የሚሰጥ ቀን ጎረቤት ልኮ "የኔንም ተቀበልልኝ" የሚል ወላጅ ነው ያለው። ልጁን ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የማያውቅ አባት አጋጥሞኛል በአይኔ። ዳይሬክተሩ ምን ያድርግ፣ ቤት ለቤት ይዙር?

ፌሮ ሰራተኛ

ወንድሜ ስብሰባውን በስንት ሰዓት ነበር የምትጠሩት? ማክሰኞ 4 ሰዓት ከሆነ እኔ አልመጣም፣ ብትሰድበኝም አልመጣም። ቀን ስራ ነው የምሰራው፣ አንድ ቀን ከቀረሁ ያን ቀን ምሳ የለም፣ ፎርማኑ ደሞ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሰው ይዞ ይጠብቀኛል። ልጄን ስለማልወድ አይደለም። የኛ ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ 5 ሰዓት ላይ ጠራ፣ ግቢው ሞላ፣ ወንበር አልበቃም፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው የተሰበሰብነው። ከዛ ምን እንደሆነ አላውቅም ደግመው አልጠሩንም።

ታዛቢ ዘገላን

አሁን ይህን ስትለኝ አሰብኩት። ስብሰባዎቻችን በሙሉ በስራ ቀን ነበሩ፣ እኔ ራሴ ሱቅ ስላለኝ ነው መምጣት የቻልኩት። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ይቅርታ።

ምክትል ነኝ

ማንነቴን አልገልፅም፣ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ አሁን በስራ ላይ። ሁሉንም አነበብኩ፣ ሁለቴ። በተለይ የእህታችንን።

ፒጂዲኤስኤል የሚባለውን የትምህርት ቤት አመራር ዲፕሎማ ስንማር ጥሩ ጥሩ ነገር ተምረናል። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የወጣ አንድ ትልቅ የጥናት ዳሰሳ አለ፣ ከትምህርት ቤት ጋር ከተያያዙ ነገሮች ውስጥ ለተማሪ መማር ከክፍል ውስጥ ማስተማር ቀጥሎ ሁለተኛው አመራር ነው ይላል። ይህን ተምረን ስንመደብ ግን የምንመዘነው ሪፖርቱ በሰዓቱ ገባ አልገባም ተብሎ ነው። ለአንድ እናት ሩብ ሰዓት ሰጥተህ አዳመጥክ ብሎ ነጥብ የሚሰጥህ ማንም የለም። ሪፖርቱ ላይ "ከወላጅ ጋር ውይይት ተደርጓል" የሚል ሳጥን አለ፣ ኮሪደር ላይ የተደረገውም ሁለት ደቂቃ እዛ ላይ ራይት ይደረግበታል። እና ደግሞ ምደባው፣ አንድ ቦታ ሰው እየለመደህ ስትመጣ ትነሳለህ። እኔ በአምስት አመት ሶስተኛ ትምህርት ቤቴ ነው። እዚህ ዳር ዳሩ ላይ ደሞ ማህበረሰቡም ራሱ አዲስ ነው። ባለፈው አመት በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ከተጀመረ በኋላ መጡብን። መዘገብናቸው፣ ክፍል መደብናቸው፣ ሰፈር ቀይሮ፣ ጓደኛ ጥሎ የመጣን ልጅ ግን ማን አነጋገረው? እኔ አላነጋገርኩም። ብዙዎቹ ዝም ብለው ከኋላ ነው የተቀመጡት።

ሰበብ እየደረደርኩ አይደለም፣ ቁልፍ ማዞሩ ሰበብ የለውም። ተቀምጠሽ ማናገር ቢሮ ውስጥ ወንበር መሳብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እና ልጅቷን ውጭ ማስቆየት። እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ያን ቀን ምን ብለው ቢያናግሩሽ ነበር የሚበቃሽ?

የሁለት ልጆች እናት (አባዶ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንባ እየተናነቀኝ ነው ያነበብኩት። ምክትል ወንድሜ፣ ምን ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር ብዬ ሌሊቱን አሰብኩ። "ልጅሽ ወሬ ታበዛለች" ከማለት "ልጅሽ ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ታወራለች፣ ቤት ምን የተለየ ነገር አይተሻል?" ቢሉኝ በቂ ነበር። ያቺ ጥያቄ ብትኖር እኔም "ቲቪ ተጠግታ ነው የምታየው" እል ነበር፣ አውቃለሁ እኮ፣ ሁሌ እቆጣት ነበር ከቲቪው ራቂ እያልኩ። ጠያቂ ስላጣሁ ነው ሁለቱን ያላገናኘሁት።

ጋሼ፣ ምክርዎን ሰምቼ ሀሙስ ስራ ሳልቀር 1 ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ በር ላይ አልነበሩም ግን ከመኪና ሲወርዱ አገኘኋቸው። መነፅሯን አዩ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው፣ ሳልጮህ። ትንሽ ዝም አሉና "አልሰማሁም ነበር፣ አልነገሩኝም" አሉ። ሌላም ልጅ ሊኖር ይችላል፣ ስም ጠሪዎቹ በየክፍላቸው ሰሌዳ የማይታያቸውን ለይተው ወደፊት ያስቀምጧቸው፣ ለወላጅም ይነገር አልኳቸው። "ፅፈሽ አምጪልኝ" አሉኝ። መፃፉን እፅፋለሁ፣ ግን ብቻዬን ከሆነ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። የወተመህ ምርጫ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አለ? አባዶ ያላችሁ?

ባለባጃጅ አባዶ

እህቴ እኔ አባዶ ነኝ፣ ከነገርሽው መሰለኝ አንድ ትምህርት ቤት ነው፣ ልጄ 4ኛ ናት። እሷም ማታ ማታ ራሴን ያመኛል ትላለች፣ ይህን ሳነብ ነው የባነንኩት። ምርጫውን እኔም አላውቅም፣ ግን ደብዳቤው ላይ ከአንቺ ጋር እፈርማለሁ፣ ፌርማታ ላይ የማውቃቸው ሶስት አራት ወላጆችም አሉ አመጣቸዋለሁ። እሁድ 8 ሰዓት ሸገር ባስ መቆሚያው ጋ ብንገናኝስ? የሀኪሙን ወረቀት ኮፒ ይዘሽ ነይ።

የሁለት ልጆች እናት (አባዶ)

እሺ ወንድሜ፣ እሁድ 8 ሰዓት። ልጅህን ግን እሁድን ሳትጠብቅ ነገ ጠዋት ከበሩ ማዶ ያለውን ታፔላ አስነብባት።